የፍቅር ኮሜዲና የመተማ ቆላ

የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ መሠረቱ የታወቀ ነው፤ ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ፣ እንቅፋት ይገጥማቸዋል፣ ታሪኩም በዕርቅ ወይም በሠርግ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በ2007 እንደ ወጣው «የወንዶች ጉዳይ» ያሉት ፊልሞች ብዙ ተመልካች አግኝተዋል፤ ነገር ግን የሚዋደዱት አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው።

ከሸሕዲ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታየዋል። የመተማና የቋራ ቆላ ዐማራው፣ ቅማንቱ፣ አገዉና ጉሙዙ የሚኖሩበት፣ በሰሊጥ አጨዳ ወራትም ከደጋው የቀን ሠራተኛ ሲወርድበት የኖረ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ፍቅርም እንቅፋቱም አይታጣም።

ሆኖም የቆላውን ሰው መልክ በፊልም ማሳየት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሆሊውድ የወጣው «ክሬዚ ሪች ኤሽያንስ» ተዋንያኑን ከእስያ ተወላጆች በመምረጡ ተመስግኗል፤ ነገር ግን ታሪኩ የሲንጋፖር ባለጠጎች ታሪክ ስለ ሆነ፣ ጠይሙ ሰው በዘበኝነትና በአገልጋይነት ካልሆነ በቀር እምብዛም አልታየበትም።

እንግዲህ መመዘኛው ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው የማን ችግር ነው የሚለው ነው። በጉሙዝ ዘንድ የታወቀውን የእኅት ልውውጥ ጋብቻ እንውሰድ፤ ወንዱ ሚስት ለማግባት እኅቱን ወይም የቅርብ ዘመዱን ለሙሽራዪቱ ወገን ይሰጣል። ስለዚህ የአንዱ ጥንድ ዕድል ከሌላው ጥንድ ዕድል ጋር ይተሳሰራል፤ የኮሜዲ ደራሲ በብዙ ድካም የሚፈጥረው ውስብስብ ነገር እዚህ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ደራሲው በልማዱ ቢሣለቅ ጎረቤቱን ያዋርዳል፤ ልማዱን ቢያሞግስ ደግሞ በልውውጥ የምትሰጠዋን ልጃገረድ ፈቃድ ይዘነጋል። የታሪኩ መዞሪያ፣ እርሷ በገዛ ቋንቋዋ እሺ ወይም እምቢ የምትልበት ሰዓት ሊሆን ይገባል።