ሁለት ታክሲዎች

ከኮሪያ ፊልሞች ውስጥ ከዐይኔ የማይጠፉ ሁለት ታክሲዎች አሉ። በመካከላቸው 56 ዓመት አለ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አፉ ደም የሞላ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ተቀምጧል፤ ሾፌሩ «ወዴት ነው?» ሲለው አንዴ የሰፈሩን ስም ይጠራል፣ አንዴ ሆስፒታል ይላል፣ አንዴ ፖሊስ ጣቢያ። በሁለተኛው ታክሲ ግራ የገባው ሾፌሩ ራሱ ነው፤ እሱ ግን መሪውን አዙሮ ወደ ሸሸው ከተማ ይመለሳል፣ እኛም እናጨበጭብለታለን። በቀደም ዶርም ውስጥ ስንከራከር ያመሸነው በእነዚህ በሁለቱ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ታክሲ ይዤ ነበር፤ እስካሁንም አልወረድኩም።

ይህ የመጀመሪያው ፊልም «ኦባልታን» ይባላል፤ ዒላማውን የሳተ ጥይት እንደ ማለት ነው። ዩ ህዩን-ሞክ ከአንድ አጭር ልብ ወለድ ወስዶ በ1961 የሠራው ነው። የኮሪያ ጦርነት በተኩስ አቁም ከቆመ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ በፊልሙ ውስጥ አንድም የጦር ሜዳ አይታይም። ያለው ከሰሜን የተፈናቀለ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሴኡል ኮረብታ ላይ በተጠጋጋ የደሳሳ ጎጆ ሰፈር። የሰፈሩ ስም ሄባንግቾን ነው፤ «የነፃነት መንደር»! ስም አወጣጡን ልብ ይሏል። ታላቁ ልጅ ቾል-ሆ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ጥርሱን ያመዋል፣ ማስነቀያ ስለሌለው ጉንጩን ይዞ ይውላል ያመሻል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ምግብ ያነሳት። እህቱ ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ገላዋን ሸጣ ታድራለች። ትንሹ ወንድም ጋዜጣ ያዞራል። እናትየዋ አእምሮዋን ስታ ተኝታለች፤ በየመካከሉ ብድግ ትልና «እንሂድ!» ብላ ትጮኻለች። ወዴት? አትናገርም።

ፊልሙ በታየ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጄኔራል ፓርክ ቹንግ-ሂ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ፤ «ኦባልታን»ም ታገደ። ከተጠረጠረባቸው ነገሮች አንዷ ያች ጩኸት ናት፤ «ወደ ሰሜን እንሂድ ማለቷ ነው» ተባለ። ሳቅን እንጂ! አንዲት ያበደች አሮጊት በአንድ ቃል መንግሥት ታስደነግጣለች? ቆይቼ ሳስበው ግን ሳንሱሩ ከብዙ ሃያሲ የተሻለ ተመልካች ሳይሆን አይቀርም። አሮጊቷ ልትሄድበት የምትፈልገው ቤት አለ፣ መንገዱ ግን የለም፤ መንገዱን የዘጋው ደግሞ ያ ሁሉም ሰው እንዳይጠራው የታዘዘው ድንበር ነው። ቃሏ የፖለቲካ ንግግር ባይሆንም የአገሪቱን ቁስል የነካው እሱ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በኮሪያ ፊልም የመጀመሪያዋ እብድ እሷ አይደለችም። በ1926 ና ኡን-ግዩ «አሪራንግ»ን ሲሠራ አገሩ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበር፤ ዋናው ሰው በጃፓን ፖሊስ እጅ ተሠቃይቶ ያበደ ተማሪ ነው፣ መጨረሻም ላይ የገዢዎቹን ሎሌ በማጭድ ይገድላል። ከዚህ ፊልም ዛሬ አንድም ቅጂ የለም። የኮሪያ ብሔራዊ ፊልም አባት የሚባለው ሥራ ማንም ሊያየው የማይችል ፊልም ነው።

ከ«ኦባልታን» ይበልጥ የምወደው ግን የታናሽ ወንድምየውን ጠባሳ የሚመለከተውን ክፍል ነው። ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ነው፣ ሥራ የለውም። የፊልም ሰዎች ይጠሩትና የቁስለኛ ወታደር ሚና እንስጥህ ይሉታል። የፈለጉት እሱን ሳይሆን ጎኑ ላይ ያለውን ጠባሳ መሆኑ ሲገባው ተቆጥቶ ጥሏቸው ይወጣል። ኋላ ሽጉጥ ይዞ ባንክ ሊዘርፍ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ የፊልም ሠሪ በራሱ ሙያ ላይ እንዲህ ሲፈርድ ስንት ጊዜ አይተናል? የሕዝብን ቁስል አሳይቶ ትኬት መሸጥ ነውር ሊሆን እንደሚችል ዩ ህዩን-ሞክ አውቆታል።

የኛም ሰዎች በዚያ ጦርነት ነበሩ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ እዚያው ተዋግተዋል፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። እኛ ስናድግ የሰማነው ጀግንነታቸውን ነው፤ ኮረብታው እንዴት እንደተያዘ፣ አንድም ምርኮኛ አለመሰጠቱን። ከተኩሱ በኋላ የነበረችውን ሴኡል ማንም አልነገረን። እኔ ያየኋት በ«ኦባልታን» ነው።

ወደ ሁለተኛው ታክሲ ልለፍ። የጃንግ ሁን «ታክሲ ሾፌር» በ2017 ወጥቶ ከ12 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጦለታል። ጊዜው ግንቦት 1980 ነው፤ ልዩ ጦር ግዋንግጁ ከተማ ገብቶ ተማሪና ነዋሪ ይፈጃል። ሶንግ ካንግ-ሆ የሚጫወተው የሴኡል ታክሲ ነጂ የቤት ኪራይ ውዝፍ አለበት፤ ጀርመናዊውን ጋዜጠኛ ዩርገን ሂንትስፔተርን ግዋንግጁ አድርሶ ለመመለስ መቶ ሺህ ዎን ይከፈላል ሲባል ሰምቶ ሥራውን ከሌላ ሾፌር ይቀማል። ሰልፈኛ ተማሪ አይወድም፤ ጥጋብ ነው ይላል። ከዚያ በዐይኑ ያያል፣ ይፈራል፣ ልጁን ብሎ ይሸሻል፣ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ገብቶ የውሸቱን ዜና ይሰማል፣ ይመለሳል። ሶንግ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሲያለቅስ እኔም አልቅሻለሁ፤ አልክድም።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድነው? እውነተኛው ሾፌር ኪም ሳ-ቦክ ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ልጁ ቀርቦ እንደተናገረው አባቱ ለሆቴል እንግዶች የሚሠራ፣ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ወዴትና ለምን እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነበር። የፊልሙ ሠሪዎች ይህን ሳያውቁ ነው የሠሩት፤ በዚህ አልከሳቸውም። ነገር ግን ባዶውን ሲሞሉ የመረጡት ምን ዓይነት ሰው ነው? ምንም የማያውቅ፣ የሚያስቅ፣ ልቡ ንጹሕ። እንዲህ ያለው ሰው ለተመልካች ይመቻል። «እኔም አላወቅሁም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ እመለስ ነበር» ብሎ ከአዳራሹ እንዲወጣ ያደርገዋል።

አንዱ የዶርሜ ልጅ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ጀግና የሌለው ፊልም ለሕዝብ ምን ይፈይዳል? በ2023 እኮ የ1979ኙን መፈንቅለ መንግሥት የሚያሳየውን ‹የሴኡል ጸደይ›ን 13 ሚሊዮን ሰው አየ። በዓመቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 2024 ፕሬዚዳንቱ በሌሊት ወታደራዊ ሕግ ሲያውጅ ሕዝቡ ፓርላማው በር ላይ ነበር፣ አዋጁም ሳይነጋ ተሻረ። የትኛው ነው ያስወጣቸው፣ ያንተ የጥርስ በሽተኛ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መልስ አጣሁ ብል ነው የሚቀለኝ፤ ነጥቡ ከባድ ነው።

ያጣሁትን መልስ ያገኘሁት በማግስቱ፣ የሊ ቻንግ-ዶንግን «ናና ከረሜላ» ደግሜ ሳይ ነው። በ1999 የተሠራ ነው። አንድ የከሰረ ሰው የባቡር ሐዲድ ላይ ቆሞ ልመለስ እያለ ይጮኻል፤ ፊልሙም ወደኋላ መሄድ ይጀምራል፣ ከ1999 እስከ 1979። በ1987 ሰውዬው ፖሊስ ነው፣ ተማሪ ይገርፋል። በ1984 መግረፍ የጀመረ ዕለት እጁ ላይ የቀረው ሽታ በሳሙና አልለቅ ይለዋል። በ1980 ግዋንግጁ የተላከ ምልምል ወታደር ነው፤ እግሩን ይመታል፣ በጨለማ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ሊያሳልፍ ሲል በስሕተት ይገድላታል። ከዚያ በኋላ ኅሊናው በተነካ ቁጥር ያ እግሩ ያነክሳል፤ እኛ ግን ማነከሱን ያየነው ምክንያቱን ከማወቃችን በፊት ነው።

እኛ ተማሪዎች ነን፤ እንዲህ ያለ ፊልም ስናይ ሁልጊዜ ከሚገረፈው ተማሪ ጎን ነው የምንቀመጠው። ሊ ቻንግ-ዶንግ ይህን ወንበር ከለከለን። ካሜራው የሚከተለው ገራፊውን ነው፣ ከገራፊው ጋር ወደኋላ ሄደን ሄደን የምናገኘው ደግሞ የመስክ አበባ ፎቶ ማንሳት የሚወድ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። እንግዲህ ልጄ፣ ታኅሣሥ 3 ሌሊት ፓርላማው በር ላይ ሕዝብ ብቻ አልነበረም፤ ጠመንጃ ይዘው የታዘዙ ወጣት ወታደሮችም ነበሩ። ለእነሱ የትኛው ፊልም ነው የሚሆናቸው? ይህን ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም፣ «ናና ከረሜላ»ን ግን ከእኔ ኮምፒዩተር ገልብጦ ወስዷል። «ኦባልታን»ን የሚፈልግ የኮሪያ ፊልም ቤተ መዛግብት በዩቲዩብ በነፃ ለቆታል፤ ድምፁን ትንሽ ቀነስ አድርጉት፣ አሮጊቷ ጎረቤት ታስነሳለች።