ሜትሩን ላመስግን

ከአራዳ ጊዮርጊስ በቸርችል ጎዳና ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ለወረደ ሰው ስለ ዊልቸር ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ተዳፋት ላይ ፍሬኑ የማይዝ፣ ለተቀማጩ የሰፋ ወንበር አደጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማመሰግነው በፊዚዮቴራፒ ተማሪ ኪስ ውስጥ ያለችውን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

ተማሪው መጀመሪያ የዳሌን ስፋት ይለካል፤ የመቀመጫው ስፋት እሱ ነው። ቀጥሎ ከዳሌው ኋላ እስከ ጉልበት እጥፋት ለክቶ ከ3 እስከ 6 ሳንቲሜትር ይቀንሳል፤ ጠርዙ ከጉልበት በስተኋላ ሥጋውን እንዳይጫን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መመሪያ ለዊልቸር አገልግሎት 8 ደረጃዎች አስቀምጧል፤ ልኬቱም፣ ሥልጠናውም፣ ጥገናውም እዚያ ውስጥ አሉ። የተገኘውን ወንበር አድሎ መሄድ አገልግሎት አይባልም።

ሜትሩን ይበልጥ የማከብረው ግን ሕመሙ የማይድን ሰው ቤት ሲገባ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያስታምማል። እዚያ ጡንቻ ማጠንከር ይቀርና ሕመም ማስታገስ ይቀድማል፤ ጭንቅላት የሚደግፍ፣ ወደ ኋላ ጋደል የሚል መቀመጫ፣ የመቀመጫ ቁስል የሚከላከል ትራስ ይፈለጋል። የበሩም ስፋት፣ የደፉም ከፍታ ይለካል። አንዲት እናት እስከ ደጃፍ ወጥተው የጠዋት ፀሐይ ቢሞቁ፣ ቡናው ሲፈላ ከጎረቤት ጋር ቢቀመጡ፣ ይህ ትልቅ ሕክምና ነው።

ተማሪዎች፣ ሜትሩን ከመዘርጋታችሁ በፊት «እማማ፣ የት መቀመጥ ይወዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።