ያልተሰማ ሳል፦ የአእምሮ ሕመም መገለልና የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጠዳ ያለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ መካከለኛ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የእነዚህ ባለሙያዎች ዋነኛ የሥራ ቦታ ጤና ጣቢያ ነው። የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕመምተኛውን የሚቀበለው ነርሱ ወይም ጤና መኮንኑ ይሆናል። ስለዚህ ሥልጠናው ሲመዘን፣ ባለሙያው ስለ ሕመሙ ካወቀው ባሻገር ለታማሚው ያሳደረው አመለካከትም አብሮ ሊመዘን ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ጤና አገልግሎት ክፍተትን ለመሙላት መርሐ ግብር ዘርግቶ በ2010 የሕክምና መመሪያ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከተገበሩት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ላፈራችው ጎንደር፣ የሐኪምን ሥራ ለሌላ ባለሙያ የማካፈሉ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በሶዶ አካባቢ ተካሂዶ በ2022 የታተመ ጥናትም፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ድክመቱ ሌላ ላይ ነው። መመሪያው ስለ ታማሚው ክብር ቢያነሣም፣ ጥቂት ቀናት ብቻ በሚፈጅ ሥልጠና ሰዓቱን የሚወስደው ምርመራውና የመድኃኒቱ መጠን ነው። ንቀት የዕውቀት ማነስ ብቻ ይመስል በገለጻ እንዲወገድ ይጠበቃል።

የዚህ ዋጋ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል የቡታጅራው ጥናት ያመለክታል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተሉ 121ዱ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ይህ ጥናት የሞታቸው መጠን ከሌላው ሕዝብ እጥፍ እንደነበረ፣ ግማሽ ያህሉም በተላላፊ በሽታ እንዳለፉ ገልጿል። ድህነትና ርቀትም ድርሻ አላቸውና ሞቱ ሁሉ በባለሙያው አይሳበብም። ነገር ግን ሳል ይዞት የመጣ ሰው በካርዱ ላይ «ስኪዞፍሬንያ» የሚል ስለተነበበ ብቻ ደረቱ ሳይደመጥ ወደ አእምሮ ክፍል ከተላከ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም ሊባል አይችልም።

ይህ ልማድ ከየት ይመጣል? «እብድ» የሚለው ስድብ ከቤት ይመጣል፤ በአዲስ አበባማ የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ራሱ መሳደቢያ ሆኖ ኖሯል። ሆኖም ትምህርት ቤቱም ያክልበታል። ተማሪው ለተግባር ልምምድ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሲላክ የሚያገኘው ሕመሙ የበረታበትን ሰው ነው፤ ድኖ ወደ እርሻው ወይም ወደ ሱቁ የተመለሰውን አያይም። ልምምዱን ሲጨርስም ሕመሙ ተስፋ የለሽ ነው ብሎ ይወጣል፤ ምክንያቱም ያየው ይህንኑ ነው።

መገለልን የሚመለከተው የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ያቀረበው መደምደሚያ ከዚህ ጋር ይገጥማል፦ ከሁሉ ይልቅ አመለካከትን የሚለውጠው ሕመሙን ከኖሩበት ሰዎች ጋር በቀጥታ መገናኘት ነው። በኔፓል ያገገሙ ሰዎች ፎቶግራፎቻቸውን ይዘው የጤና ሠራተኞችን በማሠልጠን ተካፍለዋል።

ይህን ጠዳ ላይ ለማድረግ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በተመላላሽ ክትትል ላይ ካሉት መካከል ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎች በየሴሚስተሩ ክፍል ገብተው ቢያስተምሩ ይበቃል። ጥንቃቄው ግን ቀላል አይደለም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ስማቸው እንዲጠበቅ፣ የማይሹትን ጥያቄ እንዳይመልሱ መብት እንዲኖራቸው፣ እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህርም አበልና የመጓጓዣ እንዲከፈላቸው ያስፈልጋል። ለተማሪ እንዲታዩ ብቻ ከፊት ከቆሙ ግን የተማሪው ንቀት ባለበት ይቀራል።