«እስኪበቃው ድረስ»፦ ስለ ዳቦ አሠራር ጽሑፎቻችን

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ናይሮቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች፣ በሰው አገር የተወለዱ ልጆቻቸው ይማሩበት ዘንድ ያሰናዱትን አነስተኛ የምግብ አዘገጃጀት ጽሑፍ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስላቸው ጠይቀውኝ ነበር። ጽሑፉ ከ10 ገጽ አይበልጥም፤ ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ሙልሙል፣ ዳቦ ቆሎና ጨጨብሳ፣ ሁሉም ከቤታችን የማይጠፉ ናቸው። የውልና የፍርድ ቤት ሰነድ ሲመልስ ለኖረ ሰው ሥራው የአንድ ምሽት ጨዋታ መስሎ ታየኝ። በአንድ ምሽትም ጨርሼ አስረከብኩ።

ወር ያህል ቆይቶ፣ ጽሑፉ የደረሳቸው አንዲት ኬንያዊት ጎረቤታችን ድፎ ዳቦ ጋግረው በሰሐን ይዘውልን መጡ። ልፋታቸውን አክብረን ሁላችንም ቆርሰን በላን። ይሁን እንጂ ዳቦው ድፎ አልነበረም። ጠረኑ የማንዳዚ ነው፤ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ጣዕሙ የሚጎመዝዝ፣ ቆዳውም የደረቀ ነበር። ሴትዮዋ ጽሑፉን ቃል በቃል ተከትለዋል፤ ያጠፉት አንድም ነገር የለም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ዳቦአቸውንና ትርጉሜን ጎን ለጎን አድርጌ በመረመርኩ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ገጽ የማቀርበው ትችት የሚጀምረው ከራሴ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት በቅመሞቹ ስም ላይ ተገኘ። «ኮረሪማ» የሚለውን፣ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እንደሚያደርጉት፣ «ካርደመም» ብዬ መልሼዋለሁ። በናይሮቢ ገበያ በዚህ ስም የጠየቀ ሰው የሚሰጠው በስዋሂሊ ኢሊኪ የሚባለው፣ እኛ ሄል የምንለው ነው። ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው፤ ነገር ግን ሄል መሠረቱ ደቡብ ህንድ ሲሆን ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ልጅ ነው። የባሕር ዳርቻው ማንዳዚ የሚታወቀው በኢሊኪ ጠረን ነውና የጎረቤቴ ዳቦ ወደ ሞምባሳ ማዘንበሉ አያስደንቅም። «ነጭ አዝሙድ» የሚለውንም ቃል በቃል ስመልሰው፣ የህንድ ሱቅ ገብቶ ለሚጠይቅ ሰው የሚቀርብለት ከሙን ሆነ። የእኛ ነጭ አዝሙድ ግን በዚያው ሱቅ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ «አጅዋይን» ተብሎ ተቀምጧል፤ ጥቁር አዝሙዳችንም «ካሎንጂ» ተብሎ አጠገቡ ይገኛል። ኮረሪማውም ቢሆን ኢስሊ ድረስ ለሄደ ሰው አይጠፋም። ሁሉም በእጃችን ነበሩ፤ የጠፋው ስማቸው ነው።

ሁለተኛው ጥፋት «እርሾ» በምትል አንዲት ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። አማርኛችን ከባለፈው ሊጥ ተቆንጥሮ የሚቀመጠውንም፣ ከሱቅ በትንሽ ከረጢት የሚገዛውንም የዱቄት እርሾ በአንድ ስም ይጠራል። እናቶቹ «እርሾው ገብቶበት ይደር» ሲሉ የመጀመሪያውን ማለታቸው ነበር፤ እርሱ አዝጋሚ ነው፣ ሌሊቱን ይፈልገዋል። ጎረቤቴ በእኔ ትርጉም መሠረት የዱቄቱን እርሾ ጨምረው አሳደሩት። ሊጡ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ኩፍ ብሎ ጨርሶ፣ ሲነጋ ወድቆና ኮምጥጦ አገኙት።

ሦስተኛው ግን ከስም ስሕተት የጠለቀ ነው። በ10 ገጽ ውስጥ «እስኪበቃው ድረስ» የሚለው ሐረግ ሰባት ጊዜ ይገኛል። ውሃው እስኪበቃው ይጨመር፤ እስኪበቃው ይታሽ፤ እስኪበቃው ይብሰል። ሰባቱንም በታማኝነት መለስኳቸው። ሰዋስዋቸው እንከን የለበትም፤ ለጋጋሪዋ ግን አንዳች አልነገሯትም።

አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲያውስ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቁጥር መጻፍ ነዋ» ይል ይሆናል። በእርግጥም ዛሬ በመጽሔትም ሆነ በመጽሐፍ የሚወጡት የአማርኛ የምግብ አዘገጃጀት ጽሑፎች አብዛኞቹ ይህን መንገድ መርጠዋል። «3 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ውሃ፣ 1 ሰዓት ይቆይ፣ በ180 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ ይጋገር» ይላሉ። ሲያዩት የተጣራ ሳይንስ ይመስላል። ቢመረመር ግን የራሱ ጉድለት አለበት።

በኩባያ መለካት ከሌላ አገር ወጥ ቤት የመጣ ልማድ ነው። በጽሑፍ ሥርዓት አስይዘው ካስፋፉት ሰዎች መካከል የቦስተን የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ፋኒ ፋርመር ይገኙበታል፤ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1896 እ.ኤ.አ.፣ የዓድዋ ድል በተገኘበት ዓመት ነው። እርሳቸው ኩባያ ሲሉ አንባቢያቸው ከሱቅ የምትገዛው፣ መጠኑ የታወቀ መለኪያ አለ። የእኛ ደራሲ «ኩባያ» ሲል ግን የትኛውን ይሆን? የሻይ ብርጭቆውን? የቆርቆሮ ጣሳውን? እፍኝ፣ ጭብጥና ቁንጥር ሲባል መለኪያው ቢያንስ የሰው እጅ እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር። ኩባያው የመጣው መለኪያነቱን ጥሎ ስሙን ብቻ ይዞ ነው።

ዱቄቱም አንድ አይደለም። ስንዴው ታጥቦ፣ ደርቆና ወፍጮ ቤት ተፈጭቶ የሚመጣው የአገር ቤት ዱቄት፣ እዚህ በ2 ኪሎ ከረጢት ከሚሸጠው ነጭ ዱቄት ይልቅ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ለነጩ ዱቄት ለ2 ኪሎ 1.2 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃዋል፤ ያልተነፋው ግን ከዚያ በላይ ይጠይቃል። «1 ሰዓት ይቆይ» የሚለውም የት? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ ናይሮቢ ከ1,700 ሜትር ትበልጣለች፤ ሞምባሳ ከባሕሩ ዳር ናት። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሊጡ ቶሎ ይነፋል፤ በሞቃት ቦታ ደግሞ እርሾው ቶሎ ይሠራል። ቡሄ በሚውልበት በነሐሴ ናይሮቢ ቀዝቃዛ ናት፤ በዚያን ሰሞን «1 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ደራሲ ሞምባሳ ያለውን ያስዘገየዋል፣ እዚህ ያለውን ያስቸኩለዋል።

ቡሄን ካነሣሁ ዘንድ፣ ጽሑፎቻችን ቦታን ብቻ ሳይሆን ዘመንንም ይዘነጋሉ። ለሙልሙል ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሚያዝዝ ጽሑፍ አይቻለሁ። ሙልሙል ለሆያ ሆዬ ጨፋሪ ልጆች የሚታደለው ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር በሚከበርበት ዕለት ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በዚህ ዳቦ ውስጥ ቅቤ የማይገባው ለምን እንደ ሆነ ለአገር ቤት ልጅ ማንም አይነግረውም፤ ቤቱ ራሱ ጾም ላይ ነውና። ናይሮቢ ለተወለደ ልጅ ግን ካልተጻፈለት አያውቀውም። ዳቦውን ከቀኑ የለየ ጽሑፍ ግማሹን ዳቦ አስቀርቷል።

ኮባውም እንዲሁ ነው። «ኮባ ከሌለ በአልሙኒየም ወረቀት ይተካ» የሚል ምክር በየጽሑፉ አለ። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው። ኮባው ምን ይሠራ እንደ ነበር አይናገርም። የእንሰቱ ቅጠል ሊጡ እንዳይጣበቅና እንዳያር ይጠብቀዋል፤ እንፋሎቱን ስለሚይዝ የዳቦው ቆዳ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ ጠረኑንም ይሰጠዋል፤ የጅማቱንም መስመር በዳቦው ላይ ያትማል። የፈረንጅ ዳቦ የሚመሰገነው ቆዳው ሲንኮሻኮሽ ነው፤ ድፎ የሚመሰገነው ሲለሰልስ ነው። ደራሲው ይህን ቢነግረን እዚህ ያለን ሰዎች ወረቀቱን ትተን የሙዝ ቅጠል በፈለግን ነበር፤ ሙዝና እንሰት ዘመዳሞች ናቸውና። ኡጋንዳውያን ለሉዎምቦ የሙዝ ቅጠሉን በእሳት ለብለብ አድርገው እንደሚያለሳልሱት፣ የእኛም እናቶች ኮባውን እንዲያ ያደርጉታል። ምክንያቱ ቢጻፍ ኖሮ ምትኩን አንባቢው ራሱ ከጎረቤቱ ይማረው ነበር።

ይህን ሁሉ ስል፣ «ሙያ በልብ ነው፤ ባልትና በወረቀት አይገባም» ከሚሉት ጋር መቆሜ አይደለም። ይህ አባባል ሲያምር የሚኖረው ከምድጃው አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔ ወንድ ልጅ ነኝና ማጀት ገብቼ ስቆም «ውጣ፣ ከወንዶች ጋር ሁን» እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ። በልብ የተቀመጠው ሙያ ለእኔ ተቆልፎ ነበር። ከአገር በልጅነታቸው ለወጡት፣ እናታቸው ሁለት ሥራ ሠርታ ማታ ለምትገባባቸው፣ ከነጭራሹ ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩትም እንዲሁ ተቆልፏል። የተጻፈ አዘገጃጀት ለእነዚህ ሁሉ በር ነው። ደኅና ተደርጎ እንዲጻፍ የምከራከረውም ስለዚህ ነው።

ደኅና አድርጎ መጻፍ ምን እንደ ሆነ ያስተማሩኝ ደብረ ማርቆስ የሚኖሩት አክስቴ ናቸው። ከዚያ ዳቦ በኋላ ስልክ ደውዬ፣

«እትዬ፣ ሊጡ እንደ በቃው በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ልጄ? ሲበቃው ነዋ!»

«እሺ፣ ሲያሹት እጅዎ ላይ ምን ይላል?»

ጥቂት ዝም አሉ። እጃቸውን እያስታወሱ መሰለኝ። «መጀመሪያ እጄን ይይዘኛል። ሲታሽ፣ ሲታሽ፣ ይለቀኛል። ከገበታው ላይ ሳይጣበቅ ሲነሣ በቃው ማለት ነው።»

«ኩፍ ማለቱንስ?»

«በጣቴ ጠቆም አደርገዋለሁ። ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጊዜው ነው። ጨርሶ ካልተመለሰ አሳልፈኸዋል።»

«መብሰሉንስ?»

«ገልብጠህ ሆዱን አንኳኳው። ባዶ ቤት የምታንኳኳ ከመሰለህ በስሏል።»

እነሆ ሰዓትም ኩባያም አልተጠቀሰም፤ ነገር ግን አዲስ አበባም ሆነ ሞምባሳ፣ በነጭም ሆነ ባልተነፋ ዱቄት፣ በምጣድም ሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ ምልክት ነው። ለካስ «እስኪበቃው ድረስ» ማለት ግድ የለሽ አነጋገር አልነበረም። የረጅም ዕውቀት መጠቅለያ ነው፤ ለሚያውቅ ሰው ይበቃዋል፤ ለማያውቅ ሰው ግን ሊፈታለት ይገባል። የጸሐፊው ሥራ መፍታቱ ነው፤ የተርጓሚውም እንዲሁ። እኔ መጠቅለያውን እንደ ታሰረ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አሻገርኩት፤ ቁጥር የሚያበዛው ጸሐፊ ደግሞ ጥሎት የሌላ ሰው መጠቅለያ ያመጣል።

ስለ ዳቦ ቆሎም አንድ ቃል ልጨምር። የእናቶቹ ጽሑፍ «ሊጡ በቀጭኑ ተድቦልቡሎ በትንንሹ ይቆረጥ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ይህን ብቻዋን የሞከረች ሴት ሁለተኛ አትሞክረውም፤ አሰልቺ ነው። ዳቦ ቆሎ የብዙ እጅ ሥራ ነው፤ አንዱ ያድቦለቡላል፣ ልጆቹ ይቆርጣሉ፣ አንዷ ምጣዱ ላይ ታምሳለች። ልጆች የቆረጡት አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሲሆን እኩል አይበስልም፤ ስለዚህ ትንንሹ ለብቻው ይታመሳል። «ቤተሰቡ ይሰብሰብ» የሚለው ትእዛዝ ከዱቄቱና ከበርበሬው ጋር በመጀመሪያው መስመር ላይ መጻፍ ነበረበት።

እንግዲህ የዳቦ አሠራር ለሚጽፉ ወገኖቼ የምለው ይህ ነው። ቅመሙን በትክክለኛ ስሙ፣ አንባቢው ባለበት ገበያ በሚጠራበትም ስም ጻፉት። እርሾው የትኛው እንደ ሆነ ተናገሩ። ቁጥር ስጡ፤ በግራምና በሊትር ቢሆን ይመረጣል፤ ከቁጥሩ አጠገብ ግን እጅ የሚያውቀውን ምልክት አስቀምጡ። የት ሆናችሁ እንደ ጋገራችሁት፣ ለየትኛው ቀን እንደሚጋገር ግለጹ። የምትተኩት ነገር ካለ የተተካው ምን ይሠራ እንደ ነበር ንገሩን።

እኔም ዕዳዬን ለመክፈል ያንን ጽሑፍ እንደገና መለስኩት፤ 10 የነበረው ገጽ 16 ሆነ። ባለፈው እንቁጣጣሽ ልጄና ያቺ ደግ ጎረቤታችን አዲሱን ጽሑፍ ይዘው አብረው ጋገሩ። ከሥሩ ትንሽ አርሮ ነበር፤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ቆዳው ግን ለስልሶ፣ ጅማቱ ታትሞበት ወጣ። ጎረቤታችን አንድ ቁራሽ ካጣጣሙ በኋላ «ያን ጊዜ ያመጣሁላችሁ ሌላ ነገር ነበር፤ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። አክስቴ አሁን 80 ዓመት አልፏቸዋል፤ ገና ያልጠየቅኳቸው ብዙ «እስኪበቃው» ቀርቶኛል። አንባቢም የራሱን እትዬ፣ የራሱን እማማ በስልክ ቢጠይቅ፣ ዝም ሲሉም ታግሦ ቢጠብቅ መልካም ነው።