ጥቁር ጉድጓድና ስም ያጣው አዙሪቱ

ስለ ሕዋ በአማርኛ በሚጻፉ ዜናዎችና የትምህርት ጽሑፎች ውስጥ «ከጥቁር ጉድጓድ የሚወጣ ጨረር» የሚል ሐረግ ያጋጥማል። ጥቁር ጉድጓድ ማለት ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል ነው ብሎ የፈታ ጸሐፊ፣ ወዲያው ጨረር ሲያስወጣበት አንባቢው የቱን ይመን? አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ አንባቢ ምናልባት ሐረጉን በልማድ አቃንቶ ያልፈዋል። አፉን በአፋርኛ ፈትቶ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ የሚሌ ልጅ ግን ያለው የተጻፈለት ቃል ብቻ ነው። ለእርሱ ጉድጓድ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓድ ደግሞ ነገር ይቀዳል።

ጉድለቱ የሳይንሱ ሳይሆን የስያሜው ነው። ጥቁር ጉድጓድና ኮከብ በስበት ተሳስረው ሲዞሩ፣ ከኮከቡ የሚሳበው ጋዝ በቀጥታ አይወድቅም፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ዝርግ ሆኖ እየተሽከረከረ፣ እርስ በርሱ እየተፋተገ፣ በሚሊዮን ዲግሪዎች እስኪግል ድረስ ይቀርባል። ራጅ የሚፈልቀው ከዚሁ ከጋለው ጋዝና ከአካባቢው ነው። ሲግነስ ኤክስ-1 የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ከኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ ከማሊንዲ አቅራቢያ የመጠቀችው ሳተላይት፣ ራጁ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደሚለዋወጥ አሳየች፤ እንዲህ ፈጥኖ የሚለዋወጥ ምንጭ ደግሞ ትንሽ መሆን አለበት። ኮከቡ በ5.6 ቀን አንድ ጊዜ የሚዞረው የማይታይ አካል ዛሬ 21 ፀሐዮችን ያህል ግዝፈት እንዳለው ይገመታል። (ሳተላይቷ የመጠቀችው በኬንያ የነፃነት ቀን ስለ ነበር ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት ነው። ጎረቤት ቋንቋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙን ማስገባቱ ያስቀናል።)

እንግዲህ የሚያበራውን ጋዝ ምን እንበለው? «ዲስክ» የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ቅርጹን ይነግራል እንጂ ጋዙ ወዴት እንደሚሄድ አይነግርም። እኔ «አዙሪት»ን እመርጣለሁ። የአዋሽን ሙላት ያየ ሰው አዙሪት እያሽከረከረ ወደ ውስጥ እንደሚስብ አስረጂ አያሻውም። አዙሪት ዝርግነትን አያሳይም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ዝርግ አዙሪት» ቢባል ይበቃል። «ከጥቁር ጉድጓዱ አዙሪት የሚፈልቅ ራጅ» ስንል ተቃርኖው ይጠፋል፤ «ጥቁር ጉድጓድ»ንም መለወጥ አያስፈልገንም።

ለተሳሰሩት ሁለት አካላት «መንታ» መባሉ መመሳሰልን ስለሚያስገምት አይስማማም፤ አንዱ ኮከብ፣ ሌላው የኮከብ ቅሪት ነውና። «ጥማድ» ለደጋው ገበሬ እጅግ ውብ ነበር፤ በሬ ለማይጠምደው አርብቶ አደር ግን ሌላ ትርጓሜ ይጠይቃል። «ጥንድ» ይበቃል።

«ከፍተኛ ኃይል ያለው ቴሌስኮፕ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አንባቢው እጅግ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ይመስለዋል። ከፍተኛነቱ የጨረሩ እንጂ የመሣሪያው አይደለም፤ «ኃይል»ም በ«ስበት ኃይል»ና በ«መብራት ኃይል» ተወጥሮ የተያዘ ቃል ስለ ሆነ «የከፍተኛ ጉልበት ጨረር ቴሌስኮፕ» ማለት ይሻላል።

«ራጅ» ከጣሊያንኛ ገብቶ የሰረጸ ቃል ነው፤ ማንም አይንካው። ጥንቃቄ የሚያሻው ግሡ ነው። በሐኪም ቤት «ራጅ ተነሣ» እንላለን፤ በዚያ መሣሪያው ራሱ ጨረር ያመነጫል። እንደ ቻንድራና ኑስታር ያሉት የሕዋ ቴሌስኮፖች ግን የመጣላቸውን ይቀበላሉ እንጂ አንዳች አይልኩም። ወደ ሕዋ የወጡትም አየር ራጅን ስለሚውጥ ነው፤ የሚሌ የበጋ ሰማይ የቱንም ያህል ቢጠራ ከሲግነስ ኤክስ-1 የተነሣ ራጅ መሬቱን አይነካም። ስለዚህ ቴሌስኮፑ ጥቁር ጉድጓድን «ራጅ አነሣ» አይባልም፤ የአዙሪቱን «ራጅ ተቀበለ» ነው።