ምክሩ ያልደረሰበት ገበታ፦ የቤት ሥርዓትና ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት አመጋገብ

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ለእናቶች የሚሰጠው የሥነ ምግብ ምክር ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ተጨማሪ ምግብ አጀማመር ብዙ ይናገራል። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ገንፎው ወፈር እንዲል፣ በእህሉ ላይ ጥራጥሬ፣ አትክልትና የእንስሳት ተዋጽኦ እንዲታከልበት በሥዕል በተደገፉ ካርዶች ያስረዳል። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ካርዱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አንደኛ ክፍል እስኪገባ ባሉት አራትና አምስት ዓመታት ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋርና በስንተኛ ተራ እንደሚበላ የሚጠይቅ ባለሙያ እምብዛም አይገኝም። የአመጋገብ ልማድ ሥር የሚሰደው ግን በእነዚሁ ዓመታት ነው።

ትኩረቱ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ቀናት ላይ መሆኑ በራሱ ስሕተት አይደለም። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 38 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ ወደ 37 በመቶ ወርዷል። በ2015 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከመቀንጨር ለመታደግ 2030ን የጊዜ ገደብ አድርጓል። ከዚህ ሁሉ ጥረት ጋር ግን የአማራ ክልል አኀዝ በ2016 46 በመቶ፣ በ2019ም 41 በመቶ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነው። እህል በሚታፈስበት፣ ከብት በሚረባበት ደጋና ወይና ደጋ ይህ መሆኑ ምክሩ የቆመባቸውን ሁለት ግምቶች እንደገና መመርመርን ይጠይቃል። አንደኛው ግምት የጎደለው የእናት ዕውቀት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምግብ በእናትና በልጅ መካከል ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ ነው የሚል ነው።

ሐሙሲት በደቡብ ጎንደር ዞን በደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በምዕራቧ ጣና ሐይቅ፣ በሰሜኗ የፎገራ ሜዳ አለ። በአካባቢው ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ሽምብራና ጓያ ይመረታል፤ ላምና ዶሮ በብዙ ግቢዎች ይታያሉ፤ ከሐይቁም ዓሣ ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄው ምግብ አለ ወይስ የለም በሚለው ብቻ አያበቃም። ያለው ምግብ ወደ ልጁ አፍ ከመድረሱ በፊት በየት በየት ያልፋል የሚለውም መነሣት አለበት።

ለምሳሌ ያህል በዚህ አካባቢ የሚኖር የአንድ የአራት ዓመት ልጅ ውሎ ይታይ። ጠዋት ቂጣ ወይም ያደረ እንጀራ በድልህ ይቀርባል። ልጁ እናቱ ቡና ስታፈላ ከጎኗ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ቀትር ላይና ማታ ሽሮ ወጥ አለ። ሽሮው ግን ብዙውን ጊዜ በርበሬውና ቅመሙ ከጥራጥሬው ጋር አብሮ የተፈጨ ምጥን ሽሮ ነው። «የልጁን ድርሻ በርበሬ ሳይገባበት ቀንሱለት» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል፤ በርበሬው አስቀድሞ ከወፍጮ ቤት አብሮ መጥቷልና። ልጁ አንድ ጊዜ ይጎርሳል፣ ያቃጥለዋል፣ ከዚያም ወጡ ያልነካውን የእንጀራውን ጠርዝ እየቆረሰ ይበላል። እናቱም በልቷል ብላ ታስባለች። ጥራጥሬው ከቤቱ ሳይጠፋ ልጁ ግን በእህል ብቻ ያድራል። ጥቂት ነጭ ሽሮ ለብቻው አስፈጭቶ ማስቀመጥ ይህን ሊያቃልል ይችል ነበር፤ ይህን ለመምከር ግን ባለሙያው አስቀድሞ ስለ ሽሮው ዓይነት መጠየቅ ነበረበት።

ከወጡ ቀጥሎ የሚመጣው የገበታው ሥርዓት ነው። በከተማ እየላላ ቢሄድም በገጠሩ ቤት ታላላቆች ቀድመው ይቀርባሉ፤ ልጅ ውኃ ያስታጥባል፣ መብራት ይይዛል፣ የሚደርሰውን ጉርሻ ይቀበላል፣ ኋላም ከተረፈው ከእኩዮቹ ጋር ይበላል። በሰው ቤት ሲቀርብለት «ጠግቤያለሁ» ማለትን ይማራል፤ ዓይኑን ከሰው ገበታ ላይ የሚጥል ልጅ ያሳፍራል። ቡዳን በመፍራትም ልጃቸውን በባዕድ ዓይን ፊት ማብላት የሚሰጉ እናቶች አሉ፤ ለምግብ ዝግጅት ማሳያ ሕፃናትን በአደባባይ ሰብስበው የሚያበሉ ባለሙያዎች ይህን ሊያስታውሱ ይገባል። ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ተብሎ የሚጣል አይደለም። ትዕግሥትን፣ መካፈልንና አክብሮትን የሚያስተምረው ይኸው ሥርዓት ነው። ችግሩ ከአንድ መሶብ ለአምስትና ለስድስት ሲበላ ትንሹ ልጅ ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሦስት ጊዜ ሲጎርስ እሱ የመጀመሪያውን ገና ያላምጣል።

ካርዱ ለዚህ የሚያቀርበው መፍትሔ ለልጁ የራሱን ሳህን መስጠት ነው። ለአንድ ዓመት ሕፃን ጥሩ ምክር ነው። የአራት ዓመት ልጅ ግን ከመሶቡ ተለይቶ መብላትን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል፣ እናቲቱም ልጇን ከወንድሞቹ ማግለል ይመስልባታል። እዚህ ላይ የአሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሊያን በርች ሥራ ይጠቅማል። በርች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው ጥናት ሕፃናት ያልወደዱትን አትክልት እኩዮቻቸው ሲመርጡት ካዩ በኋላ እነርሱም ወደ መምረጡ እንደሚያዘነብሉ አሳይታለች። መሶቡ እንግዲህ መምህር ነው፤ ጎመን የሚበላ ታላቅ እኅት ከማንኛውም ሥዕል ይበልጥ ታስተምራለች። ሳህኑ ከመሶቡ የሚለየው ሳይሆን በመሶቡ ዳር የሚቀመጥ ቢሆን ሁለቱም በአንድነት ይገኙ ነበር።

ይሁን እንጂ ከውጭ የመጣውን ጽንሰ ሐሳብ ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። በቅርብ ዓመታት በሥልጠናዎች ላይ የሚደመጠው የአሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ የኤለን ሳተር የሥራ ክፍፍል ነው፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። ሐሳቡ ማለፊያ ነው። ነገር ግን የራሱ ሳህን ያለው ልጅንና «ምን» የሚለውን በእርግጥ መወሰን የሚችል ወላጅን አስቀድሞ ይገምታል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1928 የሕፃናት ሐኪሟ ክላራ ዴቪስ ጡት የጣሉ ሕፃናት ከቀረቡላቸው ምግቦች የፈለጉትን ያለ ማንም ግፊት እንዲመርጡ አድርጋ በጤና እንዳደጉ ጽፋ ነበር። ብዙዎች ይህን «ልጅ የሚበጀውን ራሱ ያውቃል» ብለው ተረጎሙት። ዴቪስ ራሷ ግን በ1939 ዘዴው ያለው በምግቦቹ ዝርዝር ውስጥ እንደሆነ አስገንዝባለች፤ በትሪው ላይ የነበሩት ሁሉ ስኳር ያልገባባቸው፣ በፋብሪካ ያልተለወጡ ምግቦች ነበሩ። በሐሙሲት ዙሪያ ዝርዝሩን የሚያወጣው ማን ነው? እናት ብቻ አይደለችም። የጾም ወቅት፣ ገበያውና የቤቱ ታላላቆች አብረው ያወጡታል።

ስለ ጾም ካርዱ ዝም ይላል፤ ይህ ከድክመቶቹ ሁሉ የሚከብደው ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት 180 ቀን ገደማ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ለመጾም እንደማይገደዱ የቤተ ክርስቲያኒቱ መምህራን ያስተምራሉ፣ ብዙ እናቶችም ይህን ያውቃሉ። ሆኖም ቤቱ ሲጾም ድስቱም ይጾማል። በአንድ ብረት ድስት ላይ ወተትና የጾም ወጥ እንዳይነካኩ ስለሚፈራ ለልጅ ተብሎ የሚፈላ ነገር ይቀራል። የላሟ ወተትም ለፋሲካ ቅቤ ሊሆን ይጠራቀማል። ልጁን ማንም አላስጾመውም፤ ግን ጾሟል። ስለዚህ ለእናቲቱ «ሕፃን አይጾምም» ብሎ መንገር የምታውቀውን መድገም ነው። የሚያስፈልጋት አንዲት ለልጅ ብቻ የምትውል ትንሽ ድስትና ያንን የሚደግፍ የንስሐ አባት ቃል ነው። በክልሉ አንዳንድ የሥነ ምግብ ፕሮግራሞች ካህናትን ማሳተፋቸው በዚህ ረገድ ተገቢ ነበር።

ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በፍልሰታ ከጓደኞቹ ጋር እስከ ቅዳሴ ጾሞ ሲቆርብ የሚሰማው ኩራት ትልቅ ነው፤ ይህን ደስታ የሚነጥቅ ምክር ሰሚ አያገኝም። የጾም ገበታም ድሃ መሆን የለበትም። የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የሽምብራ ዓሣ፣ ጎመንና ባቄላ የአገሩ ምግቦች ናቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ግን ምእመናን የሚለያዩበት ስለሆነ የጤና ባለሙያ ፍርድ ባይሰጥበት ይሻላል።

ወደ ዕንቁላሉ እንመለስ። የሐሙስ ገበያ ሲደርስ የሳምንቱ ዕንቁላል በቅርጫት ይሄዳል። ዕንቁላልና ዶሮ በአብዛኛው በሴቷ እጅ ያለ ሀብት ነው፤ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙናና የትልልቆቹ ልጆች ደብተር የሚገዛው በዚሁ ነው። «አትሽጪ፣ ለልጅሽ አብዪ» ማለት እንግዲህ ባሏን ሳትጠይቅ የምታዝበትን ጥቂት ገንዘብ ልቀቂ እንደ ማለት ነው። ካርዱ ላይ ዕንቁላል የምትሰብረው እናት ፈገግ ብላለች፤ ጨው ማን እንደሚገዛ ግን በሥዕሉ ላይ የለም። ዕንቁላልም ቢሆን ተአምር አይሠራም፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢኳዶር የታተመ ጥናት በቀን አንድ ዕንቁላል የሕፃናትን መቀንጨር እንደቀነሰ ሲያሳይ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከማላዊ የወጣው ተመሳሳይ ጥናት ግን ይህን ውጤት አላገኘም። የማላዊዎቹ ሕፃናት ቀድሞውንም ዓሣ ይመገቡ ነበር።

ከገበያ ሲመለስ ደግሞ ቅርጫቱ ባዶ አይደለም። ልጅ ገበያ የሄደ ወላጁን በር ላይ ይጠብቃል፤ ድሮ ሸንኮራ ወይም ዳቦ ይመጣለት ነበር፣ ዛሬ ብስኩትና ከረሜላ ይመጣለታል። በከተማዋ ውስጥ ዐፀደ ሕፃናት በሚሄዱት ዘንድ የአንዱ ምሳ ዕቃ የሌላውን ፍላጎት ይወስናል፤ የታሸገ ብስኩት የያዘው ልጅ ቆሎ በያዘው ዘንድ ያስቀናል። የበርችና የባልደረቦቿ ጥናቶች ምግብ እንደ ሽልማት ሲሰጥ ልጁ ለዚያ ምግብ ያለው ፍቅር እንደሚጨምር አሳይተዋል። የአባት ናፍቆትና ፍቅር ከብስኩት ጋር ሲጣመር ጎመኑና ንፍሮው የግዴታ ምግብ ሆነው ይቀራሉ። መቀንጨር ገና ሳይጠፋ የስኳር ልማድ እየተተከለ ነው፤ ለዚህም በካርዱ ላይ አንድ ሥዕል እንኳ የለም።

ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ከጤና ሥርዓቱ ጋር ፈጽሞ አይተያይም ማለት አይደለም። እስከ 59 ወር ድረስ በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ የትል መድኃኒት ይወስዳል፣ የክንዱም ዙሪያ ይለካል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ይህ አገልግሎት በብዙ ስፍራ ታውኳል፤ ባለበት ቦታ ግን እናትና ልጅ አንድ ላይ ይመጣሉ። የክንድ መለኪያው የከሳውን ልጅ ይለያል፤ ያጠረውን አይለይም፣ ስለ ገበታው ምንም አይናገርም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መድኃኒቱን ሰጥታ ከማሰናበቷ በፊት ሦስት ጥያቄ ብትጨምር ጊዜ አይፈጅባትም፦ ትናንት ማታ ልጁ ከማን ጋር በላ? የቤታችሁ ሽሮ ምጥን ነው ወይስ ነጭ? ባለፈው ሐሙስ ከዕንቁላሉ ስንቱ ተሸጦ ስንቱ ቤት ቀረ? ለሁለቱ እናት መልስ አላት። ሦስተኛው ግን ጨውና ደብተሩ ከእህሉ ሽያጭ ይገዛ እንደሆነ ወደ መጠየቅ ስለሚወስድ፣ ጎተራው በእጁ ያለው አባትም ባለበት መጠየቅ ይኖርበታል።