የግቢው በዓልና የመንዝ ገበሬ
የዩኒቨርሲቲ የታሪክ፣ የፍትሕና የአገልግሎት በዓላት ሲመረመሩ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የግቢ በዓል ከመዝናኛነት ያለፈ ቦታ ይዞ ቆይቷል። ተማሪው የአገሩን ታሪክ የሚያወሳው፣ ስለ ፍትሕ የሚከራከረው፣ ለሕዝብ ሊሰጥ ስለሚገባው አገልግሎትም ቃል የሚገባው በአብዛኛው በእነዚህ በዓላት መድረክ ላይ ነበር፤ ዛሬም ነው። በመሆኑም በዓላቱ እንደ ማንኛውም የትምህርት ሥራ ሊመዘኑ ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን ጀምሮ በግቢ መድረኮች የተነገረውን ቃል ከአንድ የታወቀ የገጠር አካባቢ ኑሮ ጋር ማመሳከር ነው። ለዚህም የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ማለትም መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ተመርጧል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። አካባቢው ለአዲስ አበባ ከሚቀርቡት የገጠር አገሮች አንዱ ሲሆን፣ የመሬት ሥሪቱ ግን በግቢው ግጥምና መፈክር ከተሣለው እጅግ የተለየ ነበር። መድረኩ «ሕዝብ» ሲል የትኛውን ሕዝብ ማለቱ እንደነበረ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መመዘኛ ማግኘት ያስቸግራል።

1. የኮሌጅ ቀንና የደሃው ድምፅ

በ1943 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ የሚከበረው «የኮሌጅ ቀን» የግጥም ውድድር የሚቀርብበት በዓል ነበር። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ የዚህ በዓል መንፈስ ተለወጠ። በዚያው ዓመት የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ተነበበ። ቀደም ሲል ውዳሴ ይበዛበት በነበረው መድረክ ላይ የችግረኛው ኑሮ ዋና ርእስ ሆነ። በ1959 ዓ.ም. የቀረበው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም» ደግሞ፣ የጠቢባን የሥራ ፍሬ የጉልበተኛ መሣሪያ ሆነ በሚል ቁጭት ላይ የተመሠረተ ረጅም ግጥም ነው።

የእነዚህ ሥራዎች ታላቅነት አጠያያቂ አይደለም። ዝምታን ሰብረዋል፤ ከገጣሚዎቹም መካከል ከትምህርት ገበታ እስከ መባረር የደረሰ ዋጋ የከፈሉ አሉ። በጥበብ ረገድም ቢሆን ተራ አልነበሩም። ገሞራው ርግማንን የግጥሙ ማሠሪያ ሲያደርግ በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ከፍ ያለ ክብደት ያለውን የቃል ዓይነት ወስዶ ነው። ምርቃትና ርግማን በደጋው አገር ሽማግሌ አፍ የሚያስደነግጡና የሚያስታርቁ ኃይሎች ናቸው። ይህን ኃይል ወደ ዘመናዊ ግቢ ማምጣት የተሳካ የጥበብ ምርጫ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት መታየት አለበት። የቃሉ ዓይነት ከገጠር ሲወሰድ፣ ባለቤቱ ግን በአዳራሹ አልነበረም። «ደሃው ይናገራል» በተባለበት ቀን የተናገረው ተማሪው ነው፤ የሰማውም የግቢው ማኅበረሰብና የመንግሥት ሰው ነው። ደሃው ስለ ራሱ ቢጠየቅ ኖሮ ምን ይል እንደነበረ የሚያረጋግጥ አልነበረም። በመሆኑም በግጥሞቹ ውስጥ የሚገኘው ገበሬ አገርና ቀዬ የሌለው፣ ከየትም ሊሆን የሚችል ገበሬ ሆኖ ቀረ። ለቅስቀሳ ይህ ይጠቅማል፤ ለዕውቀት ግን ይጎዳል።

2. መፈክሩና ርስቱ

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» በሚል መፈክር ሰልፍ ወጡ። በደቡብና በምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ጭሰኛው ከምርቱ ከፍ ያለውን ድርሻ ለባለ መሬቱ ያስረክብ ስለነበረ መፈክሩ ትክክለኛና ወቅታዊ ነበር። በመንዝ ግን አብዛኛው ገበሬ ባለ ርስት ነበር። መሬቱን የሚያርሰው ከአቅኚ አባት በመወለዱ ባገኘው መብት ነው። ችግሩ የመሬት ባለቤት ማጣት ሳይሆን የመሬቱ መጥበብ፣ ውርጭና በረዶ፣ የበልጉ መክዳት፣ እንዲሁም ዘመድን ከዘመድ የሚያፋጀው የርስት ክርክር ነበር።

እዚህ ላይ የሚያስደንቅ አንድ ግጥምጥም አለ። ሰልፉ በተደረገበት በፈረንጆች 1965 የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፍ በቺካጎ ታተመ። ሌቪን በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተማረና በመንዝ የመስክ ጥናት ያደረገ ምሁር ነው። መጽሐፉ የመንዝን ሰው ለርስቱ ያለውን ጽኑ ፍቅርና የሙግት ልማዱን በሰፊው ይተነትናል። ስለዚህ አንዱ ግቢ በአንድ በኩል ስለ መንዝ የሚናገር ጥናት ሲያፈራ፣ በሌላ በኩል የመንዝን ገበሬ የማያውቅ መፈክር ያሰማ ነበር። ጥናቱና በዓሉ አልተገናኙም። ይህ አለመገናኘት የተማሪው ጥፋት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ተማሪውን ከአካባቢው ዕውቀት ጋር ያላስተዋወቀው የትምህርት ሥርዓቱ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ልዩነት ተገንዝቦታል። የርስትና የመሳሰሉትን የወል ይዞታዎች ከጭሰኝነት አገሮች ለይቶ በሌላ ክፍል ደንግጓል። ለአሥር ዓመት በመድረክ ላይ ሳይለይ የተነገረው ነገር በሕግ ጊዜ መለየት ግድ ሆነበት ማለት ነው። በዚያው ወቅት በመንዝ መስፍን ብሩና መርዕድ ብሩ የመሩት ዐመፅ ተነሥቶ ነበር። ዐመፁ ከመሳፍንት ወገን የተነሣ ቢሆንም፣ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ቃል በባለ ርስት አገር እንደ ምሥራች ብቻ ይሰማል ብሎ መገመት ስሕተት እንደነበረ ለመገንዘብ ይረዳል። ለጭሰኛው ነፃነት የሆነው ቃል ለባለ ርስቱ የአባቱን ስም የሚያጠፋ መስሎ ሊታየው ይችል ነበር።

ይህ ሲባል በመንዝ በደል አልነበረም ማለት አይደለም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በእጃቸው ሥራ ምክንያት የተናቁ ነበሩ። የዘር ሐረጉን መቁጠር ያልቻለ ሰው ከርስት ይገለል ነበር። ለክርክር የሚበቃ ገንዘብና አንደበት የሌለው ደካማ በሙግት ይረታ ነበር። የግቢው መድረክ ስለ መንዝ ፍትሕ ለመናገር ቢፈልግ ኖሮ ጉዳዩ ሞልቶ ነበር። መፈክሩ ግን ከሌላ አገር የተቀዳ ስለሆነ እነዚህን በደሎች ሳያይ አለፋቸው።

3. አገልግሎቱ በተግባር

ከግጥሙና ከሰልፉ ጎን ሌላ ትምህርት ቤት ነበረ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ይህ ሥራ ያለ ከበሮና ያለ ጭብጨባ የሚፈጸም ስለነበረ በግጥም መድረኮች ብዙም አልተዘመረለትም። ነገር ግን ተማሪውን ከአንድ ቀዬ፣ ከአንድ ትምህርት ቤትና ከአንድ ክፍል ልጆች ጋር ለሙሉ ዓመት ያገናኘው እርሱ ነው። ገበሬው በስም፣ በአገርና በችግሩ ዓይነት ሊታወቅ የሚችለው በዚህ መንገድ ነበር።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ስፋቱ ታላቅ ነበር። የአገልግሎቱ ዓመት ግን አንድን መምህር ለአንድ ትምህርት ቤት ሲሰጥ፣ ዘመቻው አዋጅን፣ ማደራጀትንና ማስተማርን በአንድ ጊዜ በወጣቱ ትከሻ ላይ ጣለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአንጻሩ ሥራውን በአንድ ነገር ወሰነ፤ እርሱም ማንበብና መጻፍ ነው። በሂደትም በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ ከሰው አገር ቃል ይልቅ የሰውን ቋንቋ መነሻ ለማድረግ የተደረገ ሙከራ ነበር። የውጤቱ ዘላቂነት በሌላ ጥናት ሊታይ ይገባዋል፤ ለዚህ ሐተታ የሚበቃው ግን ግልጽ ነው። አገልግሎት የሚሠምረው ተግባሩ ሲወሰንና ተቀባዩ ሲታወቅ ነው።

4. ጓሳ፤ በዓል ያልተደረገለት ታሪክ

የግቢ በዓላት ከአካባቢው ታሪክ ምን ያህል እንደራቁ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በመንዝ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ለዘመናት በሕዝቡ ደንብ ሲጠበቅ የኖረ ነው። የአስቦና የጌራ አቅኚ አባቶች ተወላጆች በየወገናቸው አለቃ መርጠው ምድሩን ይጠብቁ ነበር። ምድሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ስምምነት ይከፈታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ ይውላል፤ በድርቅ ጊዜም ለከብቱ መጠጊያ ይሆናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ በዚያ መገኘታቸው የዚህ ጥበቃ ውጤት ነው።

የጓሳ ሥርዓት ከርስት መብት ጋር የተያያዘ ስለነበረ ከ1967ቱ የመሬት ለውጥ በኋላ ፈረሰ። መፍረሱ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል በትውልድ ሐረግ ምክንያት የተገለለው ሰው የመጠቀም መብት አገኘ። በሌላ በኩል ጠባቂው በመጥፋቱ ሣሩ ተመናመነ። በኋላ ሕዝቡ ጥበቃውን እንደገና በማኅበር አደራጅቶ ምድሩን ለመታደግ ችሏል። ታሪክ፣ ፍትሕና የኅብረተሰብ አገልግሎት በአንድነት የተገመዱበት ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ርእስ በአካባቢው ማግኘት ያዳግታል። ማን ተጠቀመ? ማን ተገለለ? ደንቡን ማን አወጣ፣ ማን አፈረሰው፣ ማን መለሰው? እነዚህ ጥያቄዎች ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከተማሪው አያት የሚጠየቁ ናቸው።

5. የዛሬው መድረክ

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ትምህርትን ወደዚህ ደጋ ደጃፍ አቅርቦታል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የተቋማቱ ሥራ አድርጎ አስቀምጧል። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የዐድዋ ድል በየዓመቱ ይታሰባል። ስለዚህ ሦስቱ ጉዳዮች፣ ታሪክ፣ ፍትሕና አገልግሎት፣ በወረቀት ላይ ተሟልተዋል። የቀረው በአንድ ቦታ ማገናኘት ነው።

ለምሳሌ የዐድዋ በዓል ሲከበር ፉከራና ቀረርቶ ማቅረብ የተለመደ ነው። በ1888 ዓ.ም. በክተት አዋጁ የሸዋ ጦር እንዲሰበሰብ የታዘዘው በጥቅምት ወር በወረ ኢሉ ነበር፤ ወረ ኢሉም የግሼና የመንዝ ጎረቤት አገር ነው። ስንቁን ያዘጋጀችው ሴት፣ አጋሰሱን የነዳው ልጅ፣ ጋሻና ጦሩን የሠራው የተናቀ ቀጥቃጭ በፉከራው ውስጥ ስማቸው አይነሣም። ተማሪዎች የእነዚህን ወገኖች ታሪክ ከየቀያቸው ሽማግሌዎች አሰባስበው ቢያቀርቡ የታሪኩ በዓል በዚያው የፍትሕ ትምህርት ይሆናል። ቃሉ ተጽፎ ለወረዳው ትምህርት ቤት ሲሰጥ ደግሞ አገልግሎት ይሆናል።

የክርክር መድረክም ከውጭ መቀዳት አያስፈልገውም። «በላ ልበልሃ» የተባለው ጥንታዊ የሙግት ሥርዓት ሁለት ወገኖች በዳኛ ፊት በተመረጠ ቃል የሚከራከሩበት ነው። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ የመርሐቤቴ ሽማግሌ በግቢው መድረክ ላይ የክብር እንግዳ ብቻ ሳይሆን መምህር ሊሆን ይችላል። የኮሌጅ ቀን ግጥሞች ያጎደሉት ይህን ነበር፤ ደሃውን ከመናገሩ በፊት ማዳመጥ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን መዝጋቱና ልጆችን ከትምህርት ማራቁ ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል። በሮቹ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር የሚደረግ የግቢ በዓል፣ ከጭብጨባው በኋላ ለእነዚያ ልጆች ምን እንደሚተርፍ ሊጠየቅ ግድ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ሐተታ የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ።

ሀ) የኮሌጅ ቀን ግጥሞች በድፍረታቸው ሊመሰገኑ ይገባል፤ እንደ ማስተማሪያ ሲቀርቡ ግን የሣሉት ገበሬ የትኛው አገር ገበሬ እንደሆነ ተማሪው እንዲመረምር መደረግ አለበት።

ለ) የግቢ በዓል ዕቅድ ሲወጣ ቢያንስ አንድ ርእስ ከአካባቢው ታሪክ እንዲመረጥ፣ ዝግጅቱም ከወረዳው መምህራን ጋር እንዲደረግ ማድረግ ይቻላል። ይህ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

ሐ) የበዓል ሪፖርት የተጋባዥን ቁጥርና የመድረክ ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤት የቀረውን ነገር፣ የተጻፈ ታሪክም ቢሆን፣ የተጠገነ ክፍልም ቢሆን፣ የተጀመረ የንባብ ክበብም ቢሆን፣ መግለጽ ይኖርበታል።

መ) የአካባቢ መምህር በዚህ ሥራ ረዳት ሳይሆን መሪ ሊሆን ይገባዋል። ግቢው ለአንድ ቀን የሚያነሣውን ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

የመንዝ ልጅ ስለ ፍትሕ በተነበበ ግጥም ውስጥ አባቱን ፈልጎ ካላገኘው፣ ወይ ፍትሑን የሌላ አገር ጉዳይ ያደርገዋል፣ ወይም አባቱን ታሪክ እንደሌለው ሰው ይቆጥረዋል። ሁለቱም የትምህርት ኪሣራ ናቸው። ይህን ኪሣራ መከላከል ከበዓል አዘጋጁም፣ ከመምህሩም፣ ከዕቅድ አውጪውም የሚጠበቅ ነው።